ካሪዶሪ ላይ ያለው ቤት

እሑድ

ቤት አለን አለኝ። ይህን ያለኝ ቤታችን ውስጥ ቆሞ፣ ፍሪጁን ተደግፎ ነው።

"የቱ ቤት?" አልኩት። እኔ የማውቀው ይሄንኑ ኦሃዮ፣ ካናል ዊንቸስተር ያለውን ነው፤ ሞርጌጁ ያላለቀ፣ የጓሮ አጥሩን ነፋስ የጣለው።

"ግሪክ ያለው" አለኝ። "ካሪዶሪ።"

ልጆቹ ሶፋው ላይ ነበሩ። እነሱ ፊት አልጮህም ብዬ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። የታጠበውንም ደገምኩት። ጌታሁን ከኋላዬ ቆሞ ያወራል፤ እኔ ውሃውን ጨመርኩበት።

ተናድጃለሁ። ተናድጄም ቢሆን ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው፣ ኋላ እንዳይምታታብኝ።

ጌታሁን ከመጋባታችን በፊት ግሪክ አገር ኖሯል። አቴንስ ሥራ ሲያጣ ካሪዶሪ የምትባል የተራራ መንደር ሄደና ባርባ ታናሲ ከሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ ጋር መሥራት ጀመረ። ባርባ ማለት እንደ እኛ ጋሼ ነው። ሽማግሌው ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ቤታቸው አስቀመጡት፣ የድንጋይ ጣራ መሥራት አስተማሩት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። በየበዓሉ ሲደውልላቸው እኔም ስልኩን እየተቀበልኩ ሰላም እላቸው ነበር። በቋንቋ ባንግባባም ይስቁልኝ ነበር።

የማላውቀውን ዛሬ ሰማሁ። ባርባ ታናሲ በዊንተሩ ሞተዋል። ቤቱን ለጌታሁን አውርሰውታል። የመንደሩ ሊቀመንበር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይደውልለታል። የመንደሩ ትምህርት ቤት ሦስት ልጅ ብቻ ስለቀረው ሊዘጋ ነው፤ የእኛ ሁለቱ ቢጨመሩ ግን አይዘጋም። ባሌም "ኦገስት ላይ እንመጣለን" ብሎታል።

እንመጣለን። ማን ነን የምንመጣው?

የእኔ የመጨረሻው ሴሚስተር የሚጀምረው ኦገስት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ቀን ነርሲንግ ሆም የሰው ገላ ሳጥብ ውዬ ማታ ክላስ ስገባ ኖሬ፣ ነርስ ለመሆን የቀረችኝ ያቺ ብቻ ናት። ጌታሁን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ክላስ ስገባ ልጆቹን የሚያበላው እሱ ነው። አውቆ ነው ኦገስት ያለው።

ሰኞ

ልጆቹ ያውቃሉ።

ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሳቸው ናቲ ከኋላ ሆኖ "ኤና፣ ዲዮ፣ ትሪያ" እያለ ይቆጥራል። ምንድነው ስለው "ግሪክ" አለኝ። ሊያ በክርኗ ጎሸመችው። በመስታወት አየኋት፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

"ዳድ ሴድ ኢት ዋዝ ኤ ሰርፕራይዝ" አለችኝ።

ሰርፕራይዝ ማለት ኬክ ነው። ሰርፕራይዝ ማለት አበባ ነው። የሰው ሕይወት ነቅሎ ተራራ ላይ መትከል በየትኛውም ቋንቋ ሰርፕራይዝ አይባልም።

ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ያናደዱኝን ነገሮች በልቤ ስደረድር ዋልኩ። አንደኛ፣ ባርባ ታናሲ ሲሞቱ አልነገረኝም፤ ሳላለቅስላቸው ቀረሁ። ሁለተኛ፣ ለሰው ቃል ሰጥቶ ነው ለእኔ የነገረኝ። ሦስተኛ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሚስጥር አስያዘብኝ። አራተኛ፣ ይህን ሁሉ አድርጎ ዛሬ ጠዋት "ሻይ ላፍላልሽ?" አለኝ።

ሻዩን አልጠጣሁትም። አሁን ሳስበው መጠጣት ነበረብኝ፤ ራሴን አሞኝ ዋለ።

ማክሰኞ

ዛሬ "እሺ ንገረኝ" አልኩት። ልሰማው ፈልጌ አይደለም። ስህተቱን በራሱ አፍ እንዲናገረው ነው።

ከሚሠራበት ከኦቤትስ ዌርሃውስ እንደመጣ፣ ያን አንጸባራቂ ሰደርያ እንኳ ሳያወልቅ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ከሳተላይት የተነሳ ካርታ ከፈተ። መጀመሪያ ያየሁት አረንጓዴና ግራጫ ብቻ ነው። አጠጋው። የፈሰሰ ድንጋይ የመሰለው ነገር መንደሩ ነው አለኝ። ጣራዎቹ ሁሉ ከዚያው ተራራ የተፈለጠ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስለሆኑ ቤቱ ከተራራው አይለይም። መንደሩ ሦስት ሰፈር ነው፤ ላይኛው፣ መካከለኛው፣ ታችኛው። የላይኛውን ግማሽ አንድ ጊዜ ዝናብ ከነአፈሩ ይዞት ወርዷል። መሐል ላይ አደባባይ አለ፣ አደባባዩ ላይ አራት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዛፍ አለ። ከታች ገደል፣ ገደሉ ውስጥ ወንዝ፣ ወንዙ ላይ የመንደሩ ግንበኞች አያቶች የሠሩት የድንጋይ ድልድይ። ከሁሉም በላይ፣ ጫፉ ላይ፣ የነቢዩ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን። የማይደርቅ ምንጭ አላቸው። ካሪዶሪ ማለት የዋልነት ዛፍ ተራራ ማለት ነው።

ሲያወራ ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። እዚህ ቤት ስለ ምንም ነገር እንደዚያ አውርቶ አያውቅም።

"ሆስፒታሉስ?" አልኩት።

"ከተማ ነው።"

"ከተማው የት ነው?"

ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሳበ። ሳበ። እንደገና ሳበ። መንገዱ እንደ ተፈታ ክር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በመጨረሻ "ይኸውና" አለኝ፣ መንደሩ ከስክሪኑ ጠፍቶ።

"በረዶ ሲጥልስ?"

"ይጠርጉታል።"

"ማን ነው የሚጠርገው?"

ካርታውን መልሶ መንደሩን አጠጋው።

እኔስ ምን እሠራለሁ ስለው ያለኝን መቼም አልረሳውም። "አንቺማ ነርስ ነሽ፣ ሁሉም ሽማግሌ ነው፣ ይፈልጉሻል" አለኝ። ገና ነርስ አይደለሁም። ነርስ የምሆነው አንተ እንድተወው የምትፈልገውን ሴሚስተር ስጨርስ ነው አልኩትና ተነሣሁ።

ረቡዕ

ዛሬ ኦፍ ነኝ። እኩለ ቀን ላይ በየረቡዑ የሚሞከረው የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን እየጮኸ ሳለ ስልኬም ጮኸ። ረጅም የውጭ ቁጥር። ሊቀመንበሩ ነው። ጌታሁን ቁጥሬን ሰጥቶታል፣ "እንዲያስረዳት"።

ሰውዬው እንግሊዝኛ የተማረው መርከብ ላይ ሲሠራ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ለስለስ አድርጎ ያወራል። "ማዳም ሰናይት፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው? ጤነኞች ናቸው? ብርድ ይችላሉ?" አለኝ። የበግ ጥርስ የሚያይ ገዢ መሰለኝ።

"ይቅርታ" አልኩት፣ "ልጆቼን ያሳደግኳቸው የእርስዎን ትምህርት ቤት ላስከፍት አይደለም። የባርባ ታናሲን ነፍስ ይማር። ባሌ የሰጠውን ቃል ግን እኔ አልሰጠሁም።"

ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። "ገባኝ ማዳም" አለኝ። "ኪሪያ ኤሌኒም በየቅዳሜው ለጌታሁን የምትለው ይህንኑ ነው።"

"ኪሪያ ኤሌኒ ማናት?" አልኩት። ኪሪያ ማለት ወይዘሮ መሆኑን አውቃለሁ።

"እዚያው ኮሎምበስ ያለችው..." አለና አቆመ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ "ጌታሁን ራሱ ቢነግርዎት ይሻላል" አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጌታሁን ኦቨርታይም ነው። ከዊንተር ጀምሮ። ምሳ እቋጥርለታለሁ። ደክሞት ይመጣል ብዬ ልጆቹን ዝም አሰኛለሁ።

ዛሬ ማታ ምንም አልጠየቅኩትም። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ ድምፄን ደግሞ አላምነውም።

ሐሙስ

ኦቤትስ ሄድኩ። ሺፍቱ የሚያልቅበትን ጠብቄ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ በተደረደሩት ትልልቅ ትራኮች ፊት ለፊት መኪናዬን አቆምኩ። ሠራተኞቹ እየጎረፉ ወጡ። ጌታሁን ሲያየኝ ሮጦ መጣ።

"ምን ሆንሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው?"

"ልጆቹ ደህና ናቸው። ኤሌኒስ ደህና ናት?"

ቆመ። ከዚያ ዞሮ በሌላኛው በር ገባና ተቀመጠ። ቀበቶውን አሰረ፣ የትም ሳንሄድ።

"ሰኒ" አለኝ፣ "የሰማኒያ ምናምን ዓመት ሴትዮ ናቸው።"

ሌላ ሴት ይዟል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አስቤም ከሆነ ለአጭር ጊዜ ነው።

የባርባ ታናሲ እህት ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ ኦሃዮ ተድረው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አሁን ፎረስት ፓርክ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ። ቤቱ ለእሱ መተላለፉን እንደሰማ ጌታሁን ሊቀመንበሩን አድራሻቸውን ጠይቆ ሄደ። "የእናትዎ ቤት ነው፣ እኔ ልወስደው አይገባም፣ ለእርስዎ ልመልስ" አላቸው። በሩን ዘጉበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ ሄደ። አሸንዳቸው ተገንጥሎ አየና መሰላል ተውሶ ጠገነላቸው። ያን ቀን አስገቡት። "ቤቱን አልፈልገውም፣ አንተም እንዳትወስደው" አሉት። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እየሄደ ስለ መንደሩ ያወራሉ፤ በየሳምንቱ ይጨቃጨቃሉ።

"እሳቸውን አስፈቀድክ" አልኩት። "እኔን አላስፈቀድክም።"

"እንቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"እሳቸውም እንቢ ብለውሃል።"

"የእሳቸው እንቢታ ይቀላል" አለኝ።

መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በጣም ትንሽ ነገር ጠየቅሁት። ምሳዬን ማን ነበር የሚበላው?

"አብረን" አለኝ። "ሽሮ ይወዳሉ።"

አልሳቅኩም። አሁንም አልስቅም። መሳቅ የሚያምረኝ መስሎ ከተሰማኝ ንዴት ነው።

ዓርብ

የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና ነበረኝ። አለፍኩ፣ በጭንቅ። የማውቀውን ሁለት ጥያቄ ሳትኩ። ይህንንም በእሱ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሊያ ክፍሌ ገባች። "አር ዩ ጋይስ ጌቲንግ ዲቮርስድ?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። "ዜን ካን ዩ ስቶፕ ስላሚንግ ዘ ካቢኔትስ?"

እሺ አልኳት። ከዚያ መንደሩን ትወጂዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ጫማዋን እያየች ቆየችና እንደማትወደው፣ ጓደኞቿን ትታ መሄድ እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ታዲያ ለአባትሽ ለምን አልነገርሽውም ስላት ፎቶዎቹን ሲያሳያት ፊቱ ደስ ስለሚል ነው አለች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አባቷን እየተሸከመች ከርማለች። የካቢኔቱን በር አላላተምኩም፣ ግን እጄ ደርሶ ነበር።

ቅዳሜ

በእሱ ቦታ እኔ ሄድኩ። አድራሻውን ሲሰጠኝ "ቀስ ብለሽ አናግሪያቸው" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። የሄድኩት በእሱ ላይ የምጠቀምበት ነገር ፍለጋ ነው፤ ይህንን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፋለሁ።

ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት። መስኮቱ ሥር በእርጎ ዕቃ የተተከለ የቲማቲም ችግኝ ተደርድሯል። አሸንዳው ያማረ ነው፤ እሱንም ሳየው ተናደድኩ። በሩን የከፈቱልኝ አጭር፣ ጥቁር ሹራብ የለበሱ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴትዮ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ሚስቱ ነሽ። ቆየሽ።"

"የሰማሁት ረቡዕ ነው" አልኳቸው።

"ረቡዕ?" አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁና "ግቢ" አሉኝ። ገና በሩ ላይ ሳለን በእኔ ፈንታ የተናደዱ መሰለኝ። ወደድኳቸው።

ወጥ ቤት አስቀመጡኝ። ባልሽ ምን ነገረሽ አሉኝ። ድልድዩን፣ ዛፉን፣ የማይደርቀውን ምንጭ ነገርኳቸው።

"ምንጩ ታች ነው" አሉኝ። "ቤቱ ደግሞ ላይ ነው። ይህን ነግሮሻል?"

አልነገረኝም።

እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው፣ ግን አንድ ቃል አላመለጠኝም። የካሪዶሪ ወንዶች ሁሉ ግንበኞች ነበሩ አሉኝ። በረዶው ሲቀልጥ መዶሻና መሮአቸውን በበቅሎ ጭነው ተሰባስበው ይሄዳሉ፣ የሰው አገር ድልድይና ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ ከርመው በረዶው ሊጥል ሲል ይመለሳሉ። መንደሩ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚቀሩት ሴቶች ናቸው። ውሃ በጀርባ፣ እንጨት በጀርባ፣ ልጅ በጀርባ። "ወንዶቹ ሲመለሱ መንደሩ ያምራል ይላሉ" አሉኝ። "ማን እንዳሳመረው አይጠይቁም።"

ከዚያ ጀርመኖች መጥተው አቃጠሉት። እሳቸው ያኔ ሕፃን ነበሩ፣ ታናሲ ከሊያ ብዙ አይበልጥም ነበር። እናታቸው ሁለቱን ይዘው ገደሉ ውስጥ ተደበቁ። ሲመለሱ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣራው ግን ወለሉ ላይ ተከምሯል። አባታቸው በዚያው ጦርነት ቀሩ። ያንን የድንጋይ ጣራ፣ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን እየለቀሙ፣ መልሰው የሰቀሉት እናትና ልጅ ናቸው። ጀርመኖቹ ሲወጡ ደግሞ የአገሩ ሰው እርስ በርሱ ተዋጋ። የላይኛው ሰፈርና የታችኛው ሰፈር ከአንዱ ምንጭ አብረው ላለመቅዳት ሰዓት ተከፋፈሉ። ከዚያ ጀርመን ፋብሪካ የወሰደው ሄደ፣ አሜሪካ የወሰደው ሄደ። ልጅ ሁሉ ሄደ። "እኛ ልጆች እያለን ያ ትምህርት ቤት መቀመጫ አይበቃውም ነበር" አሉኝ። "አሁን የአንቺን ልጆች ይፈልጋል።"

"ወንድምዎ ለምን አልሄዱም?"

"እናታችን እንቢ ስላለች። እሱ ቀረ፣ እኔ ሄድኩ።" እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "እናቴ ስትሞት ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ። መሄድ አልቻልኩም። ለቀብሯ ስላልደረስኩ ታናሲ እስኪሞት ድረስ አላናገረኝም። በየዓመቱ እደውላለሁ፣ ድምፄን ሲሰማ ይዘጋዋል።"

"ቤቱን ለባልሽ የሰጠው ስለወደደው ብቻ መስሎሻል?" አሉኝ። "ወዶታል፣ አውቃለሁ። ግን እኔንም ሊያናድደኝ ነው። ሞቶም ስልኩን ዘጋብኝ።"

እሳቸው አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ የመጣሁት ለሌላ ነገር ነበር።

ስወጣ ሦስት ችግኝ በካርቶን ሰጡኝ። "ለባልሽ አይደለም፣ ላንቺ ነው" አሉ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የናቲ ሶከር ነበር። ሜዳው ዳር ታጣፊ ወንበራችንን ዘርግተን ተቀመጥን። ልጁ ኳሱን ትቶ አበባ ሲለቅም እያየን፣ ከትናንት ጀምሮ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ነገርኩት። ውሃው ታች መሆኑን። ሴቶቹን። በመጨረሻም የሚያመውን፦ "ቤቱን የሰጡህ እህታቸውን ሊያናድዱ ነው።"

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ታውቃለህ?"

"እዚያ እያለሁ ባርባ ራሱ ነግሮኛል። ኤሌኒ ትናደድ እያለ ይስቅ ነበር። ስቆ ሲጨርስ ግን አይበላም።" ሜዳውን እያየ ነው የሚያወራው። "ከሞተ በኋላ ወደ እሳቸው የሄድኩት ለዚያ ነው። የተናደደ ሰው ሆኖ እንዳይቀር።"

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገረኝ። ባርባ ታናሲ የታመሙት ዊንተሩ ሳይገባ፣ ፎል ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ደውሎ "ሽማግሌው በየቀኑ ጌታሁን መጣ ወይ ይላል" ብሎታል። ያ ወር የእኔ ትልቁ ፈተና የነበረበት ነው። ሌሊት ሌሊት አነብ የነበረበት፣ እሱ ልጆቹን ይዞ ያመሸበት ወር።

"ብነግርሽ ሂድ ትይኝ ነበር" አለኝ። "ልጆቹን ማን ይይዛል? ትወድቂ ነበር። ስለዚህ አልነገርኩሽም። ሞተ። ሊቀመንበሩ ልጆቹን ሲጠይቀኝ እንቢ ማለት አቃተኝ። ሽማግሌው ሲጠራኝ አንዴ እንቢ ብያለሁ።"

ይህን ሲሰማ የሰው ልብ ይራራል ይባላል። የእኔም ራርቷል። ግን መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው፣ ከሳምንቱ ሁሉ የበለጠ። ለእኔ ብሎ ያደረገውን እኔ አልጠየቅኩትም። ለእኔ ብሎ አንድ ሽማግሌ በር በሩን እያየ እንዲሞት አደረገ፣ ሳልሰማ፣ ሳልፈቅድ፣ "እቤት እኔ አለሁ ሂድ" የምልበትን ዕድል ሳይሰጠኝ። ፈተናውን ያለፍኩት በዚያ መሆኑን ሳላውቅ ኬክ ቆርሰናል።

"እሰድህ ነበር" አልኩት። "ብወድቅ ደግሜ እፈተን ነበር። እሳቸው ግን አይደገሙም።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ብታውቅ ትነግረኝ ነበር።"

አለቀሰ፣ ሜዳ ዳር፣ የሌሎቹ ወላጆች እያዩ። ሸሚዙን ከጀርባው ይዤ ተቀመጥኩ፤ እቅፍ አይባልም። ናቲ መጥቶ "ዲድ ዊ ሉዝ?" አለን።

ሰኞ

ጌታሁን ዛሬ ሊቀመንበሩን ራሱ ደወለለት፣ ስፒከር ላይ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። በግሪክኛ ነው ያወሩት፤ ግን የልጆቹን ስም ሰማሁ፣ "ኦሂ" ሲልም ሰማሁ። ኦሂ አይሆንም ማለት እንደሆነ ናቲ አስተምሮኛል።

ከዚያ ሰውዬው በእንግሊዝኛ፣ እኔ መኖሬን አውቆ፣ "እንግዲህ እንዘጋዋለን ማዳም" አለ። ክፉ አልተናገረኝም። ልጆቹን ሰላም ይበሉልኝ ብሎ ዘጋው።

ቀኑን ሙሉ ከዚህ ጋር ዋልኩ። ትምህርት ቤቱን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። ጀርመኖች፣ የራሳቸው ጠብ፣ ፋብሪካው፣ መርከቡ፣ ያ ሁሉ ሰው ዘግቶት ነው እኔ ጋ የደረሰው። ይህን አውቃለሁ። ሦስቱ ልጆች ግን በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ እየወረዱ ይማራሉ። አንዷ ስድስት ዓመቷ ነው አለ ጌታሁን። ለምን እንደነገረኝ አላውቅም። እንዲነግረኝም አልፈለግኩም።

ማክሰኞ

ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ወይዘሮ ኤሌኒ ኮል አደረጉልኝ። ሰላምታ የላቸውም።

"ባልሽ ለታናሲ መታሰቢያ ይሄዳል?" አሉኝ።

እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ትናንት ተነጋግረናል፤ ጁላይ ላይ፣ ብቻውን፣ መቃብራቸው ጋ ሊቆምና የቤቱን የሚያፈስ ጣራ ሊጠግን። ከዚያ በኋላ ቤቱ ምን እንደሚሆን አልተስማማንም። እሱ ክፍት ይሁን ይላል። እኔ ገና ምንም አልልም።

"እኔም እሄዳለሁ" አሉኝ።

ጉልበትዎስ፣ መንገዱስ፣ ልጆችዎ ምን ይላሉ አልኳቸው። ልጆቻቸው እንቢ እንደሚሉ፣ እነሱን ግን እንዳላስፈቀዱ ነገሩኝ።

"ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ልጮህበት" አሉኝ። "እዚያ ተኝቶ ስልክ መዝጋት አይችልም። ጮኼ ስጨርስ ቤቱን ለባልሽ አሳየዋለሁ። የቱ ድንጋይ በእናቴ ጀርባ እንደመጣ እሱ አያውቅም።"

ማታ ለጌታሁን ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሳቸውን ይዞ ያንን መንገድ እንዴት እንደሚወጣ ማሰብ ጀመረ፣ የክኒናቸውን ሰዓት፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን፣ ማን እንደሚቀበላቸው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመወሰኑ በፊት ጠየቀኝ። "ምን ይመስልሻል?"

ሊመለስ ነው ወይስ ሊቀር ነው የሚለው ከትናንት ጀምሮ ሲከነክነኝ ነበር። አፍ አውጥቼ ጠየቅሁት።

"ኦገስት ክላስ ትገቢያለሽ አይደል?" አለኝ። "ልጆቹን ማን ሊያበላቸው?"

ይህ ፍቅር ይሁን መልስ አላውቅም። ንዴቴ አልቋል አልልም፤ ሊያም ዛሬ ካቢኔቱን በጥርጣሬ ስታየው አይቻታለሁ። ግን ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሁለት መቀመጫ ያዝኩ፣ አንዱን በመስኮት በኩል ለወይዘሮ ኤሌኒ። ሁለቱም ደርሶ መልስ ነው። ጌታሁን ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ እያየ፣ የመመለሻውን ቀን እኔ መረጥኩ።